የከበባ መሣሪያዎች የእንጨት ኪት፦ ማማው ለዓይን፣ ትሬቡሼዋ ለቁም ነገር

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተሳለው ማማው ነው፣ ባለ አምስት ፎቅ፣ ከፊቱ የሚወርድ ድልድይ ያለው፣ ከስሩ አራት ጎማ፣ ሰው ኪቱን የሚያነሳው በሱ ምክንያት እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ እኔም ያነሳሁት ለሱ ብዬ ነው። ውስጡ ግን አራት መሣሪያ ነው ያለው፦ የከበባ ማማ፣ በክብደት የምትወረውር ትሬቡሼ፣ በተጠመዘዘ ገመድ የምትሰራ ካታፑልት (ሮማውያን ኦናገር የሚሏት ዓይነት) እና ጣራ ያለው የግንብ መምቻ ግንድ። ዒላማ እንድትሆን ደሞ አንዲት የግንብ ቁራጭ ጨምረውበታል። ሁሉም በሌዘር የተቆረጠ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ፍርዴን ቀድሜ ልንገራችሁና ከዛ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ፦ ትሬቡሼዋ ብቻዋን ኪቱን ታዋጣለች፣ ማማው ግን ቆንጆ ጌጥ ነው፣ ማማ እንዴት እንደሚሰራ ምንም አያሳያችሁም፣ ምክንያቱም የማማ ስራ ዋናው ክፍል ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ መሬቱን ማለቴ ነው። (ዓመት ስጠራ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ አገጣጠሙን እንጨርስ። ፓርቶቹ በሳንቃ በሳንቃ ተደርድረው ነው የሚመጡት፣ ሁሉም ቁጥር አላቸው፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲደረጉ ይወጣሉ፣ አንዳንዱን ግን ሌዘሩ በደንብ አልበላውም ስለዚህ ከመግፋታችሁ በፊት ዙሪያውን በምላጭ አስነኩት፣ አለበለዚያ ጥርሱ ይሰበራል፣ በተለይ የመሰላሎቹ ቀጫጭን እርከኖች። ማኑዋሉ ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስዕልና ቀስት ነው፣ ለሶስቱ ይበቃል፣ ትሬቡሼዋ ላይ ሲደርስ ግን ወሳኙን ነገር፣ ክሩ በየት ዞሮ የት እንደሚታሰር፣ ሚጢጢዬ ስዕል ውስጥ ከቶት አልፏል። ኮላ አያስፈልግም ይላል፣ ማማውና ግንዱ እውነትም አያስፈልጋቸውም፣ የሚወረውሩት ሁለቱ ግን በተንቀጠቀጡ ቁጥር መገጣጠሚያቸው ስለሚላላ በየጥርሱ ትንሽ የእንጨት ኮላ ጠብ አድርጉበት። ብርጭቆ ወረቀትም ይኑራችሁ፣ አክስሉ የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ካላለሰለሳችሁት ክንዱ ይያዝና የወረወራችሁት ነገር እግራችሁ ስር ያርፋል። ክሩን ከነአካቴው ጣሉት፣ ሰም የተቀባ ሲባጎ ወይም የጫማ መስፊያ ክር ተኩበት።

ወደ ማማው። መልኩ ላይ እውነት ለመናገር ደክመውበታል። ሶስት ጎኑ ዝግ ነው፣ ጀርባው ክፍት፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ መሰላል አለ፣ ጫፉ ላይ ለቀስተኞች የሚሆን መከለያ፣ ድልድዩ ደሞ ከፊት በክር እየተለቀቀ ይወርዳል። ጀርባው ክፍት መሆኑ ትክክል ነው፣ ጠላት የሚተኩሰው ከፊትና ከጎን ነው፣ የራሳቸው ወታደር ደሞ ከኋላ ነው እየገባ የሚወጣው። የጎደለው ልብሱ ነው። ራቁቱን ግንብ ስር የቀረበ የእንጨት ማማ የሚጠብቀው እሳት ስለሆነ ወይ እርጥብ ቆዳ ይለብሳል ወይ ብረት ይለበጣል፣ ያም ሆኖ ሁሌ አይተርፍም፣ በ1190 የመስቀል ጦረኞች የባህር ዳር ከተማዋን ዓካን ከበው ሳለ የሰሯቸውን ሶስት ትላልቅ ማማዎች ከደማስቆ የመጣ አንድ ወጣት የቀመመው ናፍታ (ከመሬት የሚወጣ ዘይት) ያለበት ተቀጣጣይ በገንቦ እየተወረወረ ሶስቱንም አንድዷቸዋል። ኪቱ ግን ባዶ እንጨት ሰጥቶ ቡናማ ቀለም ቀቡት ነው የሚለው። እኔ ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቀድጄ ለጠፍኩበት፣ መልኩ ወዲያው ተቀየረ።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ልብሱ አይደለም። ማማው ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጣት ሲገፋ ተንሸራቶ ግንቡ ጋ ይደርሳል፣ ድልድዩ ይወርዳል፣ አለቀ፣ ከተማው ተያዘ። ኧረ ያቺ መንገድ ናት እኮ ስራው በሙሉ! ከሁሉም ስሙ የገነነውን እንውሰድ፣ መቄዶንያዊው ድሜጥሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ305 የሮድስን ከተማ ሲከብ የአቴናው ኤፒማኮስ የሰራለትን፣ ሄሌፖሊስ የሚሉትን። ዘጠኝ ፎቅ፣ ቁመቱ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ፣ ስምንት ግዙፍ ጎማ፣ ሶስት ጎኑ በብረት የተለበጠ፣ በየፎቁ ድንጋይና ፍላጻ ወርዋሪዎች የተተከሉበት፣ የመተኮሻ መስኮቶቹ ደሞ ሱፍ በታጨቀበት ቆዳ የሚዘጉ፣ የሚመጣውን ድንጋይ እንዲያለዝቡት። እኔን ደስ የሚለኝ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሁለት ደረጃ የነበረው መሆኑ ነው፣ አንዱ ለሚወጣ አንዱ ለሚወርድ፣ ሰው መሃል ላይ እንዳይጋጭ። ይሄን ነገር ለማንቀሳቀስ በጉልበታቸው የተመረጡ 3,400 ሰዎች ነበሩ ይላል ታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ። ሶስት ሺህ አራት መቶ! ኪቱ ላይ አንድ ጣት ነው።

የዚህ ማማ መጨረሻ ደሞ ለሞዴል ወዳጆች ተብሎ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ እንደሚተርከው ሮድሶች ዲዮግኔጦስ የሚባል ከተማው በየዓመቱ የሚከፍለው ባለሙያ ነበራቸው፣ ከዛ ካልያስ የሚባል ሰው ከአራዶስ መጣና ሞዴል ሰርቶ አሳያቸው፣ ግንብ ላይ የተተከለ የሚዞር ክሬን ወደ ግንቡ የሚመጣን ማማ አንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ሲያስገባው፣ ህዝቡ በጣም ተደነቀ፣ የዲዮግኔጦስን ክፍያ ነጥቀው ለሱ ሰጡት። ድሜጥሮስ እውነተኛውን ይዞ ሲመጣ ካልያስ በል እንግዲህ አንሳው ሲባል አይቻልም አለ። ተመልሰው ዲዮግኔጦስን ሊለምኑት ሄዱ፣ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፣ ልጃገረዶችና ካህናት ሄደው ከለመኑት በኋላ ነው እሺ ያለው፣ እሱም ማማውን ከያዝኩት የኔ ይሁን ብሎ ነው። ያደረገው ነገር ምንም ማሽን የለውም። ማማው በሚመጣበት በኩል ግንቡን አስበሳና የከተማው ሰው ውሃውንም ጭቃውንም የሽንት ቤት ቆሻሻውንም በዛ ቀዳዳ ሌሊቱን ወደ ውጭ እንዲደፋ አደረገ። በነጋታው ማማው መጣ፣ ረግረጉ ውስጥ ገባ፣ ክረምት ላይ ጭቃ እንደያዘው የጭነት መኪና ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። ሌሎች ጸሐፊዎች አጨራረሱን ለየት አድርገው ነው የሚያወሩት፣ ብቻ ድሜጥሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ304 ከተማውን ሳይዝ ታርቆ ሄደ፣ ሮድሶችም ጥሎት የሄደውን የከበባ ዕቃ ሸጠው በገንዘቡ ያንን ዝነኛ ግዙፍ ሐውልታቸውን አሰሩ ይባላል።

ቪትሩቪየስ ይሄን የሚያወራው በትንሹ የሚሰራ ሁሉ በትልቁ አይሰራም ለማለት ነው፣ ይሄ ደሞ ሂሳብ ነው። አንድን ማማ በቁመትም በወርድም በጎንም 10 እጥፍ ብታሳድጉት ክብደቱ 1000 እጥፍ ይሆናል፣ የሚሸከሙት ቋሚዎች የተቆረጡበት ስፋት ግን የሚያድገው 100 እጥፍ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቀልድ የሆነ ነገር ሜዳ ላይ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ70 ኢየሩሳሌምን የከበበው ሮማዊው የጦር አዛዥ ቲቶ ካሰራቸው 50 ክንድ ቁመት ያላቸው ሶስት ማማዎች አንዱ በእኩለ ሌሊት ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ተደረመሰ፣ ሮማውያኑ ጠላት የገባባቸው መስሏቸው እርስ በርስ ተሸበሩ። ኪቱን ግን ብትጥሉት እንኳ ምንም አይሆንም።

ስለዚህ ኪቱ ያልሰጠኝን መሬት ራሴ ሰራሁለት። ጠርዝ ያለው ሰፊ ትሪ ላይ አፈር ደለደልኩ፣ ከግንቧ ፊት ጥልቅ ያለ ቦይ ቆፈርኩ፣ ማማው ውስጥ ደሞ ክብደት እንዲኖረው ብሎንና ዳዶ ሞላሁበት። ቀጫጭኖቹ ጎማዎች ደረቅ አፈር ላይ እንኳ ሰመጡ፣ እየገፋሁት ቦዩ ጋ ሲደርስ በግንባሩ ተደፋ። ቦዩን በጠጠር ሞልቼ ከላይ ስስ ጣውላ ስደረድርበት ግን ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ድልድዩም ግንቡ ጫፍ ላይ በልኩ አረፈ። ከዛ ውሃ ረጨሁበት። ዲዮግኔጦስ ልክ ነበር፣ ከጎማዎቹ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በሁለት እጅ ካልተነሳ አልወጣ አለ፣ ጠጠር በሌለበት በኩል ደሞ ዘመም ብሎ ቆመ፣ እንደዛ ሆኖ ድልድዩን ብትለቁት የሚያርፈው አየር ላይ ነው። ስለ ማማ ከኪቱ ሁሉ ያወቅኩት እዚህ ትሪ ላይ ነው፣ እና አምራቹ አንድ ሳንቃ ጨምሮ ቦይና መወጣጫ ቢያስገባበት፣ ጎማዎቹንም ሰፋ ቢያደርጋቸው ምን ነበረበት?

መሬት መሬት የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አሦራዊው ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ለኪሶን ሲይዝ ድንጋይ አስከምሮ የሰራው መወጣጫ ዛሬም እዛው ይታያል፣ ነነዌ በነበረው ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸው ምስል ደሞ ብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ ነው፣ መምቻዎቹ ዳገቱን ሲወጡ ይታያል። ማሳዳም ያው ነው፣ ሮማውያን በ73 ወይ በ74 ያን የተራራ ምሽግ ለመያዝ ያደረጉት በተራራው ጎን በነበረ ሸንተረር ላይ አፈርና ድንጋይ መከመር ነው፣ 60 ክንድ ቁመት ያለው በብረት የተለበጠው ማማ የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ማማው የለም ቁልሉ ግን እስካሁን አለ። እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ጢሮስን ሲከብ ከተማዋ ደሴት ላይ ስለነበረች ባህሩን ነው የደለደለው፣ ወደ 7 ወር ፈጀበት፣ መሃል ላይ ደሞ ጢሮሶች ተቀጣጣይ የሞላ መርከብ ለቀውበት ማማዎቹ ተቃጠሉ። በ1099 የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን ሲከቡ ከመሪዎቻቸው አንዱ የቱሉዙ ሬይሞን ከግንቡ ፊት ያለውን ቦይ ለማስሞላት ሶስት ድንጋይ ለጣለ አንድ ሳንቲም እከፍላለሁ ብሎ አስነገረ፣ ሶስት ቀንና ሶስት ሌሊት ተጣለ፣ ማማው ቀረበ፣ ተቃጠለ። የሌላኛው መሪ የጎድፍሬ ማማ ነው የተሳካው፣ እሱም ግንቡ ፊት ለፊት ጠላት በሚጠብቀው ቦታ ሳይሆን ፓርት በፓርት ተፈታትቶ በሌሊት መከላከያው ወደሳሳበትና መሬቱ ወደተደላደለበት ሌላ የሰሜን ግንብ ክፍል ተወስዶ እንደገና ተገጥሞ ነው፣ ጁላይ 15 ከተማው የተገባው በሱ ድልድይ ነው። እንጨቱ ራሱ ከየት መጣ ካላችሁ ከፊሉ የተገኘው ጃፋ የደረሱ የጄኖዋ መርከቦች ፈርሰው ነው።

አሁን ወደ ትሬቡሼዋ። ካርቶኑ ላይ ጥግ ላይ ነው የሳሏት፣ ግፍ ነው። እሷ ጠረጴዛ ላይ የምትሰራው ትልቋ ሜዳ ላይ የምትሰራውን ነው፣ ምክንያቱም ብልሃቷ ያለው ልክን ከልክ በማዛመድ ነው፦ የክንዱ ረጅሙ ጎን የአጭሩ ስንት እጥፍ ነው፣ ወንጭፉ ምን ያህል ይረዝማል፣ ክብደቱ የሚወረወረውን ነገር ስንት ጊዜ ይበልጣል። እዚህ ላይ ረጅሙ ክንድ የአጭሩ 4 እጥፍ ገደማ ነው፣ ወንጭፉም የረጅሙን ክንድ ያህል ይረዝማል፣ አስበውበታል ማለት ነው። የክብደት ሳጥኗ ደሞ ከክንዱ ጋር ድርቅ ብላ አልተጣበቀችም፣ በአክስል ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች፣ ስትለቀቅ ወደ ቀጥታ ቁልቁል ስለምትጠጋ ጉልበቱ ክንዱ ላይ ይሄዳል፣ በመንቀጥቀጥ የሚባክነው ይቀንሳል። ሳጥኗን በሳንቲም ሙሉ ይላል ማኑዋሉ፣ አይበቃም፣ እርሳስ ወይ ዳዶ አጭቁባት፣ ከምትወረውሩት ነገር ወደ 100 እጥፍ ስትደርስ ነው ነፍስ የምትዘራው።

የሁሉም ቁልፍ ግን ክንዱ ጫፍ ላይ ያለችው ሽቦ ናት። የወንጭፉ አንዱ ጫፍ ክንዱ ላይ የታሰረ ነው፣ ሌላኛው ቀለበት ሆኖ ሽቦዋ ላይ ይጠለቃል፣ ክንዱ ሲነሳ ወንጭፉ ከኋላው ተጎትቶ ይዞራል፣ ከዛ ይደርስበትና ቀለበቱ ከሽቦዋ ሾልኮ ሲወጣ ኳሱ ይለቀቃል። ሽቦዋ ቀጥ ካለች ቀለበቱ ቶሎ ይሾልካል፣ ኳሱ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ሲብስበት ወደ ኋላ ይመጣል (ከኋላዋ ማንም እንዳይቆም!)። ወደፊት ጎበጥ ስታደርጓት ይዘገያል፣ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ በጣም ካጎበጣችኋት ፊት ለፊቷ ያለውን መሬት ትመታለች። በፒንሳ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ሞክሯት፣ ክብደቱን ሳትነኩ ክንዱን ሳትነኩ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ታያላችሁ፣ ማኑዋሉ ግን ለዚች ሽቦ አንድ ቀስት እንኳ አላወጣላትም። አንዴ ከተስተካከለች ደሞ እዛው እዛው ነው የምትመታው፣ ግንብ የሚፈርሰውም በዚህ ነው፣ አንዱን ቦታ ቀንና ሌሊት እየደጋገሙ በመውገር።

ታሪኳም ከማማው ታሪክ ይጥማል። መጀመሪያ ክብደት አልነበራትም፣ አጭሩ ጎን ላይ ብዙ ገመድ ታስሮ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጎትቱት ነበር፣ ይሄ ከቻይና የመጣ ነው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሜዲትራንያን ደርሷል። ባለ ክብደቷ በደንብ የምትታየው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ አል-ጠርሱሲ የሚባል ሰው ለሳላሃዲን በጻፈለት የጦር መሣሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለች። ዓካ ላይ የመስቀል ጦረኞቹ አንዷን መጥፎዋ ጎረቤት ብለው ነበር የሚጠሯት፣ ከከተማው ውስጥ መልስ የምትሰጣቸውን ደሞ መጥፎዋ ዘመድ አሏት፣ ወታደር መቼም ቀልድ አያጣም። ቻይና ውስጥ የሞንጎሉ ገዥ የኩብላይ ካን ጦር ሺያንግያንግ የምትባለውን ከተማ ከ1267 ጀምሮ ከቦ ከቦ አልሆንለት ሲል ከፋርስ በኩል እስማኤልና አላ አል-ዲን የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች መጡለት፣ ባለ ክብደቷን ሰሩ፣ በ1273 ከተማዋ እጅ ሰጠች። የኔ ምርጥ ግን የስተርሊንግ ታሪክ ነው። በ1304 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ስኮትላንድ ውስጥ ያለውን የስተርሊንግን ቤተ መንግሥት ከቦ ዋርዎልፍ የተባለች ግዙፍ ትሬቡሼ አናጢ ሰብስቦ ያሰራል፣ ለከበባ መሣሪያዎቹ ክብደት የሚሆነው እርሳስ ከቤተ ክርስቲያን ጣራ ሳይቀር ተገፎ ነው የመጣው፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች እሷ ሳትወረውር እጅ እንስጥ ይላሉ፣ ንጉሡ አይሆንም መጀመሪያ ትሞከር ይላል፣ ሞከራት፣ ከዛ በኋላ ነው እጃቸውን የተቀበለው። ክፋት ነው፣ አልክድም፣ ግን ትሬቡሼ ሰርቶ ሳይወረውሩ ማደር ምን ያህል እንደሚከብድ ይሄን ኪት የገጠመ ሰው ያውቀዋል።

የሚወረወረው ነገር ላይ ኪቱ ሰነፍ ነው። የእንጨት ኳሶች ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ ክብደቱ ይለያያል፣ ቀለል ያለው ሩቅ ሄዶ ከበድ ያለው አጠገባችሁ ሲወድቅ ሽቦዋ የተበላሸች መስሏችሁ ያስተካከላችሁትን ታበላሹታላችሁ። የብርጭቆ ብይ ተጠቀሙ፣ መጠኗ አንድ ዓይነት ነው። ትልልቆቹም ላይ ድንጋዩ በልኩ ካልተጠረበ ምቱ ይበተን ነበር፣ ለዛ ነው ድንጋይ ጠራቢዎችም የሚያስፈልጉት። ቀለሙ ሳይቀር ጉዳይ ነበረው እኮ፣ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ እንደጻፈው በ70 ኢየሩሳሌም ላይ የሮማውያኑ ድንጋይ ነጭ ስለነበር ግንቡ ላይ ያሉ ጠባቂዎች ሲመጣ እያዩ ይጮሁ ነበር፣ ሰው ገለል ይላል፣ ሮማውያን ይሄን ሲያውቁ ድንጋዩን አጠቆሩት።

ካታፑልቷ አናደደችኝ። ክንዷ ጫፍ ላይ ማንኪያ ነገር አለ፣ በየጌሙ የምናየው ዓይነት። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ወታደሩ ጸሐፊ አሚያኖስ ማርኬሊኖስ ግን ኦናገርን ሲገልጻት ጫፏ ላይ ወንጭፍ ነው ያለው። አራት አራት ወጣቶች በግራና በቀኝ ሆነው ክንዱን እየጠመዘዙ ወደ ኋላ ያስተኙታል፣ ሲለቀቅ ተወንጭፎ ሄዶ የሚያርፈው ገለባ የታጨቀበት ትራስ ላይ ነው፣ ድንጋይ ግንብ ላይ ደሞ አይተክሏትም፣ ንዝረቷ ግንቡን ስለሚያናጋው ከነሳሩ የተቆረጠ አፈር ወይ ጡብ ደርድረው ነው የሚያስቀምጧት። የኪቱዋ ካታፑልት ግን ትራስ የላትም። ክንዱ በቀጥታ የሚያርፈው ኮምፔንሳቶው ላይ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ መሰንጠቅ ጀመረ፣ ስፖንጅ ለጥፌበት ነው የቆመው። ማንኪያውን ቆርጬ በሽቦና በጨርቅ ወንጭፍ ተካሁት፣ ርቀቷ በግልጽ ጨመረ፣ ማለትም ትክክለኛው ለአምራቹም ይሻለው ነበር፣ ማንኪያው ለመልክ ብቻ ነው የገባው።

ጉልበቷ የሚመጣው ከተጠመዘዘ ገመድ ነው፣ የሰጡን የጥጥ ክር ደሞ ተጠምዝዞ ካደረ ጠዋት ላይ ሞቷል። የጥንቶቹ ጅማትና ፀጉር ነበር የሚጠቀሙት፣ ካርታጎ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ149 እስከ 146 ከሮም ጋር ባደረገችው የመጨረሻ ጦርነት ሴቶቹ ፀጉራቸውን ቆርጠው ለመሣሪያ ገመድ እንደሰጡ ይነገራል። ግሪኮቹ እንደውም ከሚወረወረው ድንጋይ ክብደት ተነስተው የገመዱን ቀዳዳ ስፋት የሚያወጡበት ቀመር ነበራቸው፣ ኪዩብ ሩት ያለበት፣ የመሣሪያው ሌላው ልክ ሁሉ የሚወጣው ከዛ ቀዳዳ ነው። እዚህ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ክር አይገባበትም፣ የቱንም ያህል ብትጠመዝዙት ደካማ ናት። ናይለን ክር አስገብቼባት ትንሽ ተሻላት፣ ጨዋታው ሲያበቃ ግን አላሏት፣ አለበለዚያ ክፈፏ ይጣመማል።

ግንዱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ በሁለት ክር የተንጠለጠለ እንጨት ነው፣ ይወዛወዛል፣ ይመታል፣ ጣራው ይነሳል ይገጠማል፣ ጥሩ ነው። ልጆች ካሉ ግንቧ ላይ ጨርቅ የሞላ ትንሽ ከረጢት አንጠልጥለው በከረጢቱ ላይ እንዲመቱበት አድርጓቸው፣ ድምፁ ሁሉ ይቀየራል፣ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ ራሱ የጦር አዛዥ ሆኖ በ67 የዮታፓታን ከተማ ከሮማውያን ሲከላከል ገለባ የሞላ ጆንያ እያወረደ የሮማውያኑን ግንድ ምት አለዝቦበታል፣ እነሱ ደሞ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ማጭድ አስረው ገመዱን ቆረጡት። በ1099ም አንድ አስቂኝ ነገር አለ፣ የመስቀል ጦረኞቹ ግንድ የውጩን ግንብ ሰብሮ ከገባ በኋላ ወደኋላ አልመለስ ብሎ የማማውን መንገድ ዘጋ፣ ስለዚህ የገዛ ግንዳቸውን ራሳቸው አቃጠሉት፣ ቅድም ሊያቃጥሉት ሲታገሉ የነበሩት ተከላካዮች ደሞ ውሃ እያፈሰሱ ሊያድኑት ሞከሩ።

የግንቧ ቁራጭ ከንቱ ናት፣ አንድ ወጥ ሳንቃ ስለሆነች ሲመቷት ትወድቃለች እንጂ አትፈርስም፣ ትንንሽ የእንጨት ኩቦች ደርድራችሁ ግንብ ስሩ፣ የትሬቡሼዋን ስራ ማየት የምትችሉት ያኔ ነው። ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ ለልጅ ብቻውን አልሰጥም፣ ብይዋ ዓይን ታጠፋለች፣ ከትልቅ ሰው ጋር ግን አሪፍ ነው፣ ማማውን ልጁ ይግጠመው ሽቦዋን እናንተ ያዙ። ተመሳሳይ ትሬቡሼ ለብቻዋ ከተገኘች ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሷን ውሰዱ። ማማውን አጥብቆ ለሚፈልግ ደሞ አፈርና ትሪ አብሮ ያዘጋጅ፣ ጎማዎቹንም ከወፍራም ካርቶን ሰፋ አድርጎ ይቁረጣቸው። አንድ የመጨረሻ ነገር፣ መለዋወጫ ሽቦ አይሰጡም፣ የመጣችው ደሞ ደጋግማ ስትጎብጥ ትሰበራለች፣ የወረቀት ክሊፕ ዘርግታችሁ ቁረጡ፣ ውፍረቱ አንድ ነው፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገባል።